አምስተኛው ሽቦ

ጠቅላላ ወጪው ሃያ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ተሳቢው አልተቆጠረም፤ እሱ ምራቂ ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ከተሳቢው ኋላ ያሉት መብራቶች እንዲበሩ ነው። መብራት ስላችሁ ደግሞ ስታዲየም የሚያደምቅ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ፍሬቻ፣ ሁለት የፍሬን መብራት፣ ሁለት ፓርኪንግ። አምፖሎቹ ስድስቱም አንድ ላይ ቢሰበሰቡ እፍኝ አይሞሉም።

እኔ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የፈረሰ ቤት ዕቃ እሸጣለሁ፤ በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ሳይቀር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የውጭ መንገድ ተቋራጭ ሥራውን ጨርሶ ካምፑን ሲያፈርስ ቆርቆሮውን በጅምላ ገዛሁት። ጥሩ አድርጌ ስለተከራከርኩ ይሁን እነሱ ለመሄድ ስለቸኮሉ፣ አንድ ተሳቢ ቤት መረቁልኝ። ፈረንጆቹ ካራቫን ነው የሚሉት። በሁለት ጎማ የቆመ፣ መኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ነጭ ሣጥን ነው፤ ውስጡ አልጋ፣ ጠረጴዛና መዳፍ የምታክል የጋዝ ምድጃ አለችው። መሐንዲሱ ሲተኛበት ኖሯል። ሊብሬው ሙሉ ነው፣ ታርጋውም በቦታው አለ። የጎደለው የመብራት ሽቦው ብቻ ነበር፤ የካምፑ ዘበኞች መዳቡን መንጭቀው ሸጠውታል። ለማን እንደሸጡት አላጣራሁም፤ የኛ ሙያ ሰዎች ጥቂት ነን።

ተሳቢው ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢዬ ውስጥ ዶሮ ሲያሳድር ከረመ። ሥራ የመጣለት በእህቴ በኩል ነው።

ታላቅ እህቴ ላፍቶ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ምግብ ትሸጥ ነበር፤ ሽንኩርቷንና ዘይቷን የማቀርብላት እኔ ነበርኩ። አከራይዋ «ልጄ ሊያገባ ነው» ብሎ ክፍሉን ተቀበላት። ልጁ እስከ ዛሬ አላገባም፤ ክፍሉ ግን የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። እህቴ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ወር ሥራ ፈትታ ከተቀመጠች በኋላ፣ ከቸርች የምታውቃት ሴት ባቱ ላይ ሥራ አገኘችላት፤ እኛ እንኳ ዛሬም ዝዋይ ነው የምንላት። ሕንፃ የሚሠሩ አርባ ሠራተኞች አሉ፤ ምሳ የሚያበስልላቸው ይፈለጋል። ፎርማኑ በስልክ ያላት አጭር ነበር፦ «ሰኞ ምሳ ሰዓት ሠራተኛው ከበላ ሥራው ያንቺ ነው። ካልበላ ሌላ ሴት በር ላይ ቆማለች።»

«ይሄ ካለፈኝ የቀረኝ ልጄ ቤት ገብቶ የልጅ ልጅ ማዘል ነው» አለችኝ።

የልጅ ልጆቿን ትወዳለች። የማትችለው ምራቷን ነው።

«እትዬ፣ አታስቢ። ተሳቢውን ይዤልሽ እወርዳለሁ። ማደሪያም ነው፣ ማብሰያም ነው። ለኔ ተዪው» አልኳት።

«ለኔ ተዪው» የምትለውን ቃል ለደንበኛ ስናገራት ሁልጊዜ ትርፍ አላት። ለእህት ስትነገር እንዴት እንደምትሠራ ገና አልሞከርኩም ነበር።

ይህ ረቡዕ ነው። ሐሙስ ጠዋት ተሳቢውን ከዶሮዎቹ ተረክቤ፣ በደብል ጋቢና ፒክአፔ ጎትቼ ላፍቶ ወሰድኩት። እዚያ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሱቅ የላቸውም፤ በአንድ በኩል ጎሚስታ፣ በሌላ በኩል ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ መካከል ላይ የሳቸው አግዳሚ ወንበርና ቴስተር። ቃል ሲያወጡ እንደ ኪስ ገንዘብ ቆጥረው ነው። ተሳቢውን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ አጎንብሰው ሥሩን አዩ፣ ከዚያ ካርቶን ቀደው ጻፉልኝ፦ ቢጫ ለግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ ለቀኝ፣ ቀይ ለፍሬን፣ ጥቁር ለፓርኪንግ፣ ነጭ ወፍራም ለኔጌቲቭ። ከእያንዳንዱ ፊት ዋጋው አለ።

እኔ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ሲሰጠኝ መቀነስ ካልቻልኩ ያነበብኩት አይመስለኝም።

«ጋሼ፣ አምስት ቀለም ምን ያደርጋል? ውስጡ ያለው መዳብ ቀለሙን ያውቀዋል?»

«እሱ አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ።»

«እኔ እኮ አንድ ጥቅል ቀይ በግማሽ ዋጋ አገኛለሁ።»

«ሲበላሽ በምን ይለያል?»

«ለምን ይበላሻል? እርስዎ አይደሉ የሚሠሩት?»

በዚህ የሚለሰልስ ስንት ሰው አይቻለሁ። ሽማግሌው ግን ምንም አልመሰላቸውም። ወደ አምስተኛው ወረድኩ።

«ይሄ ነጩ ደግሞ የትኛውን ነው የሚያበራው?»

«ምንም አያበራም።»

«ምንም ለማያበራ ሽቦ ዘጠኝ መቶ ብር?»

«ይመልሳል።»

«ምኑን?»

«የሄደውን።»

«ጋሼ፣ ተሳቢው ብረት፣ መንጠቆው ብረት፣ መኪናው ብረት። ይሄ ሁሉ ብረት ተሰብስቦ አንድ ነገር መመለስ ያቅተዋል?»

ይህችን ከከባድ መኪና ሾፌሮች የለቀምኳት እውቀት ናት። «ብረቱ ላይ እሰረው፣ ይበቃል» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ ሻይ ሻጯ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ነይ። ጎሚስታ፣ አንተም ና።»

ሁለቱም መጡ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው፣ «ይህ ሰው አምስተኛው ሽቦ አያስፈልግም ብሏል። እማኝ ሁኑ» አሉ።

«ጋሼ፣ ብለዋል?» አለችኝ ሻይ ሻጯ፣ ልክ እንደ ዳኛ።

«ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ጎሚስታው፣ ጥቁር እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፤ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ቤት ስሸጥ እማኝ ቆሞልኛል፣ ሽማግሌ ልኬ ሚስት ሳገባም ቆሞልኛል። ለሽቦ ግን አይቼ አላውቅም። በጣም አሳቀኝ። ለሦስቱም ሻይ አዘዝኩ፤ በራሴ ላይ ለሚመሰክሩ ሰዎች ሻይ የጋበዝኩ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሥራው አለቀ። አራት ሽቦ፣ አራቱም ቀይ። ተሳቢው ከመኪናው ጋር ታስሮ ተሞከረ፤ መብራቶቹ በሩ። ትንሽ ደብዘዝ ብለዋል፤ ግን ጠራራ ፀሐይ ነው፣ በፀሐይ ያልደበዘዘ መብራት የለም ብዬ አለፍኩት። ሽማግሌውም ምንም አላሉም። እማኞቻቸው አሉ፣ ምን ይናገራሉ?

ወደ ቤት ስመለስ ሌላ ነገር መጣ። ተሳቢው የሚታሰርበት የመኪናው መንጠቆ ራሱ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የተሳቢው አፍ ከላዩ ይገጠምበታል። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከላፍቶ እስከ ሀይሌ ጋርመንት እንደሚታረድ ዶሮ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ደግሞ ዕቃዬ ሲጮህ አልወድም፤ የሚጮህ ዕቃ ዋጋው ይወርዳል። ማንም ሳያዘኝ ግሪስ ገዛሁና ኳሱን እንደ ቅቤ ቀባሁት። አሁንም ትንሽ ሲንቋቋ አሮጌ የጎማ ላስቲክ በልኩ ቆርጬ በኳሱና በተሳቢው አፍ መካከል ጠቀጠቅሁበት። ግቢው ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም አስኬድኩት። ጸጥ። ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ጠራኋት።

«ስሚማ!»

«ምኑን ልስማ?»

«ምንም አይሰማም አይደል?»

«ምንም ለማይሰማ ነገር ነው ከወጥ ላይ ያስነሳኸኝ?» ብላኝ ገባች።

እሑድ እህቴ ከቸርች ስትወጣ በቀጥታ መጣች፤ ድስቷ፣ ጭልፋዋ፣ ሳህኗ፣ በርበሬዋ ሁሉ በባጃጅ ተጭኖ። ትልቁ ድስት በተሳቢው በር አልገባም አለ። ዘወር አደረግነው፣ አጋደምነው፣ አልገባም። «ምን አለበት፣ ፒክአፑ ላይ ይሂድ» አልኩና ጫንኩት። ባለቤቴን መሪው ላይ አስቀምጬ መብራቱን ልንፈትሽ እኔና እህቴ ከኋላ ቆምን።

«ፍሬን ያዢ!» አልኩ።

«ይዣለሁ!»

የፍሬኑ መብራት ጨለማ ነው። ሁለቱ ፍሬቻዎች ግን እንቅልፍ እንዳሸነፈው ዓይን ጭል ጭል ይላሉ።

«ፍሬቻ አሳዪ!»

አሁን ደግሞ ስድስቱም አብረው መርገብገብ ጀመሩ፤ በጣም ደካማ ሆነው፣ ተራ በተራ የሚያለቅሱ ይመስላሉ። ሽማግሌው ጋ ደወልኩ፤ እሑድ ነው፣ ማኅበር ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ሶኬቱ ላልቶ እንደሆን ብዬ የተሳቢው አፍ ላይ ወጣሁና ቆሜ መነካካት ያዝኩ። እህቴ በበኩሏ እጇን ተሳቢው ላይ ጫነች።

«በኢየሱስ ስም! ይህን መብራት ያሰርክ መንፈስ፣ አሁኑኑ ልቀቅ!»

መብራቶቹ ቦግ አሉ።

«አየህ?» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«እትዬ፣ እኔ ስለቆምኩበት እኮ ነው። ዘጠና ሁለት ኪሎ ነኝ፣ ስጫነው አንድ ነገር ተነካ።»

«ታዲያ ጌታ በኪሎህ ቢጠቀም ምን ይለዋል?»

ባለቤቴ የማርያም ልጅ ናት፤ ከጋቢናው ውስጥ ራሷን አውጥታ፣ «ፍሬኑን ልልቀቀው ወይስ ጸሎቱ አላለቀም?» አለች።

ከተሳቢው አፍ ላይ ወረድኩ። መብራቱ አልጠፋም። ለምን እንደበራ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ዕቃው አልሠራ ሲል ነው የሚጠይቀው፤ ሲሠራ ቶሎ ይሸጠዋል። ባለቤቴ ወርዳ መሪውን እኔ ያዝኩ፤ ከእህቴ ጋር ተነሳን።

ቃሊቲን ሳናልፍ ኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋ ጀመር። አንድ የሲኖትራክ ሾፌር አጠገባችን ደርሶ በመስኮት ብቅ አለ።

«አባባ! ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ዝዋይ!»

«መብራትዎ ግን አልወሰነም!» ብሎን አለፈ።

ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ፈጣን መንገዱ ከመግባታችን በፊት፣ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ ወደ ኋላ ሄደ።

«ጌታው፣ ፍሬን ይያዙልኝ።»

«ይዣለሁ።»

«ወደ ግራ ሊታጠፉ ነው?»

«ኧረ ቆሜያለሁ።»

«ወደ ቀኝስ?»

«ቆሜያለሁ አልኩ እኮ፣ አለቃ።»

«ተሳቢዎ ግን በሁለቱም በኩል ልታጠፍ እያለ ነው።» ጓደኛውን ጠራው፤ ጓደኛው መጥቶ አየ፣ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸን። ቅጣቱ ተጻፈ። «ይህን ይዘው ፈጣን መንገድ አይገቡም፤ ከኋላዎ የሚመጣው ሰው ነፍስ አለው። አዙረው ይመለሱ» አለኝ።

ልክ ነበር። ልክ ከሆነ ሰው ጋር ደግሞ መከራከር አልችልበትም፤ የለመድኩት ሌላውን ዓይነት ነው።

እህቴ ወረደች። «ልጄ፣ ነገ ምሳ አርባ ሰው ይጠብቀኛል» አለችው።

«እማማ፣ እኔ እርስዎን አልያዝኩም። የያዝኩት መብራቱን ነው።»

እህቴ የተሳቢውን በር ከፍታ ሳህኖቿን ማውረድ ጀመረች።

«እትዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው? ዛሬ ማታ አሠርቼ በሌሊት እንነሳለን። ለኔ ተዪው!»

«ላንተ ትቼው እኮ ነው እዚህ የቆምኩት።»

ትራፊኩ ራሱ አንድ ዝዋይ የሚሄድ ቅጥቅጥ አስቆመላት፤ ትልቁን ድስት በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን ጣሪያው ላይ አወጣነው። ረዳቱ ድስቱን አይቶ፣ «ይሄ የሁለት ሰው ይከፍላል» አለ።

«ሲበስል የአርባ ሰው ነው» አለችው፤ የአንድ ሰው ከፍላ ገባች። በመስኮት እጇን አላወዛወዘችልኝም። በርበሬዋን ታቅፋ ነበር።

እኔ በቀኙ ጠርዝ እየተንፏቀቅሁ ተመለስኩ። ስድስቱም መብራት አብሮ ይርገበገባል። ተበላሽቶ የሚሄድ መኪና ምልክቱ እንደዚያ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መብራቴ እውነቱን ተናገረ።

ሰኞ ጠዋት ላፍቶ ስደርስ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሥራ…» ብዬ ሳልጨርስ ሻይ ሻጯ ከማንቆርቆሪያዋ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ አምስተኛው ሽቦ አያስፈልግም ብለዋል።»

«ብለዋል» አለ ጎሚስታው፣ መኪና ሥር ሆኖ፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

«አዎ፣ ብለዋል» አለ ሻይ የሚጠጣ አንድ ሰውዬ። ይህን ሰው ሐሙስ ዕለት አላየሁትም። በሕይወቴም አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው ተሳቢውን ከመኪናው ፈቱት። የቆረጥኩትን ላስቲክ በሁለት ጣት፣ ጭራዋን እንደተያዘች አይጥ፣ ከግሪሱ ውስጥ መዝዘው አወጡ።

«ይሄስ?»

«ይጮህብኝ ስለነበር…»

ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ላስቲኩን ለሻይ ሻጯ አሳዩአት፣ ለጎሚስታው አሳዩት፣ ለማላውቀው ሰውዬም አሳዩት። ከዚያ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ።

«አንተ ነጋዴ ነህ። ዕቃ ክፍለ ሀገር ትልካለህ። ብሩ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ሳምንት በምን ትልካለህ?»

«አልልክም።»

«መብራትም እንደሱ ነው። በሽቦው ይሄዳል፣ አብርቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻው ብረት ለብረት የሚነካካበት ይህ ኳስ ብቻ ነበር፤ እሱንም በላስቲክ ደፈንከው። መንገድ ሲያጣ በጎረቤቱ በኩል ሾልኮ ይመለሳል። ፍሬን ስትይዝ ፍሬቻው የሚንቀለቀለው ለዚህ ነው። ስትቆምበት ደግሞ ላስቲኩ ሸሽቶ ብረቱ ተነካካ፤ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ተመልሶ ገባ።»

የእህቴን ጸሎት ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እሱንም ቢሆን አልቃወምም» አሉ።

አሁን የጠየቁኝ ዋጋ ከመጀመሪያው ይበልጣል። አራቱም ሽቦ ቀይ ስለሆነ የትኛው የት እንደሚሄድ በቴስተር አንድ በአንድ መፈለግ፣ ከዚያ ሁሉንም ነቅሎ እንደ አዲስ መዘርጋት አለ። ካርቶኑን አልጣሉትም ነበር፤ ከአግዳሚው ሥር አውጥተው ያንኑ ሰጡኝ። ሄጄ አምስቱን ቀለም ሳልከራከር ገዛሁ። ሽቦ ሻጩ ያውቀኛል፤ «ደህና አይደለህም እንዴ? ሐኪም ቤት ሄደሃል?» አለኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስልኬን ማየት አበዛሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል። ሻይ ሻጯ ያላዘዝኩትን ሻይ አምጥታ አስቀመጠችልኝ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ተደወለ። መጀመሪያ የተሰማኝ የሳህን መጋጨት ነው።

«እትዬ! በሉ?»

«አርባ ሁለት ሰው በላ። ሁለቱን ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ ግን በልተዋል።»

ቆሜ ነበር ያነሳሁት፤ ቁጭ አልኩ። ሸራ ወጥራ፣ ሦስት ድንጋይ ጎልታ፣ በእንጨት እሳት አብስላላቸዋለች። ፎርማኑ ሁለት ጊዜ አስጨምሯል። ሥራው የሷ ነው። ለሽማግሌው ስነግራቸው ከተሳቢው ሥር ሆነው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ጎሚስታውም አለ። በዚያች ሰዓት ሁላችንም አንድ ወገን ነበርን።

ረቡዕ ሥራው አለቀ። ኧረ ሥራ! ፍሬን ሲያዝ ፍሬን፣ ፍሬቻ ሲባል ፍሬቻ፣ ፀሐይ ላይ እንኳ ዓይን ይወጋል። ከላፍቶ ስመለስ ሳያስፈልገኝ ሦስት ቦታ ታጥፌያለሁ። አንድም ትራፊክ ቀና ብሎ አላየኝም። ግቢዬ ገብቼ ሞተር ሳላጠፋ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ተዘጋጅቷል! ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

የሽንኩርት መቁላላት ይሰማኛል።

«የት ልታቆመው?»

«እዚያው፣ አንቺ ያለሽበት።»

«ፎርማኑ ክፍል ሰጠኝ እኮ። የቆርቆሮ ነው፣ ግን ቁልፍ አለው፣ አምፖልም አለው። ያቺ ምድጃህ ደግሞ ለአርባ ሰው ምን ታደርጋለች? ትልቁ ድስት እንኳ በበሩ አይገባም።»

«ታዲያ እሑድ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ። ሽጠው፣ ወንድሜ። ድካምህን ጌታ ይይልህ።»

«ሽንኩርትና ዘይትስ? ከዚህ ልላክልሽ?»

«እዚህ አትክልት በሽ ነው። ዘይቱንም አንድ ሰው አገኘሁ፣ ካንተ ይረክሳል» አለች፤ ወጡ ሊያርርባት ስለነበር ዘጋችው።

እኔ እህቴን ዘይት ሳስከፍላት አትርፌባት እንደማላውቅ እምላለሁ። ማለት ብዙም አላተረፍኩባትም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ተሳቢውን ሊገዛ መጣ። ፉሪ ላይ ግንባታ ጀምሯል፤ ለዘበኛ ማደሪያ ፈልጎታል። ዞሮ ዞሮ አየው፣ ውስጡ ገባ፣ አልጋው ላይ ተጋደመ። መብራቶቹን አብርቼ አሳየሁት፤ አምስቱን ሽቦ በየቀለማቸው ቆጠርኩለት፣ የነጩንም ጥቅም አስረዳሁት።

«እኔ ጎማውን አውልቄ በብሎኬት ነው የማቆመው» አለኝ። «መብራቱን ነቅለህ አስቀርና ዋጋውን ቀንስልኝ።»

አልሸጥኩለትም።

ተሳቢው ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ስድስቱም መብራት ይሠራሉ። እህቴ በቀን አርባ ስምንት ሰው ታበላለች። ገቢ የለም።